ጥሬውን፣ በቀዝቃዛ ውሃ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

በአላህ ስም። ለወንድሜ ለነጅመዲን፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከየካ ዳገት ተነስቶ አንተ ካለህበት ብርድ ድረስ ይድረስህ። አላህ ከክፉ ዓይን ይሸፍንህ፣ በትምህርትህም ይግፋህ። እኛ ከልጅቱ ነገር በቀር ደህና ነን። ሳልህ ታክሲውን ይነዳል። እናቱ እማማ ሰብሪያም ከእኛው ጋር ናቸው፤ ጉልበታቸው ቢደክምም ምላሳቸው አልደከመም።

የዘሊካን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ ስትሄድ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። አሁን ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቁመቷ ግን የአራት ዓመት ልጅ ነው። ሆዷ ወደ ፊት ተነፍቷል፣ ክንዷ ቀጭን ነው። ቀን ላይ ብታያት ምንም የላትም፤ ትዘፍናለች፣ አያቷ ላይ ታሾፋለች። ጉዱ ጧት ነው። ስቀሰቅሳት አትነቃም። ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ ይቀዘቅዛል። በቀደም ዓይኗ ተገልብጦ ስትንቀጠቀጥ እማማ ሰብሪያ ጮኹ፣ ጎረቤት ግር ብሎ ገባ። «የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት ጭራችሁ አሽትቷት» ይላል አንዱ፤ ሌላው ሌላ ይላል። እኔ ምን እንደመራኝ እንጃ፣ ስኳር በውሃ በጥብጬ በጣቴ ድዷን ቀባሁላት። ቆየት ብላ ዓይኗን ገለጠችና «እማዬ፣ ለምንድነው ቤቱ ሰው የሞላው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በስኳር ነው የምናነቃት። የቀበሌው ስኳር ወሩን አይዘልቅም፤ እኛ ትልልቆቹ ሻይ ያለ ስኳር ለምደናል።

ሆስፒታልም ወስደናታል። ዶክተር ፍሥሐ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ሆዷን ዳብሰው ጉበቷ አብጧል አሉኝ። ለትሉም፣ ለወባውም፣ ለሌላውም መረመሯት፤ የተገኘ ነገር የለም። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እስካሁን አላወቅሁትም። ግን አልተውኩትም» አሉኝ። አላውቅም ሲሉኝ ደነገጥኩ፤ አልተውኩትም ሲሉኝ ወደድኳቸው።

አንተ የምትማረው ሰውነት ውስጥ ስላለው ኬሚስትሪ ነው ብለኸናል። እንግዲህ ጠይቅልኝ። ሰዎች ከውጭ አገር ጫማ ያስልካሉ፤ እኔ የምለምንህ መልስ ነው።

ስለ ሟቹ ልጄ ስለ ሙሐመድ በዚህ ደብዳቤ አላነሳም። እሱም ጧት ነበር።

ዱዓችን ይከተልህ።
እህትህ ዘሙሩድ


ሃለ፣ ምሥራቅ ጀርመን
ታኅሣሥ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእታባ ዘሙሩድ፤

የአላህ ሰላም በጣራሽ ሥር ለተጠለለ ሁሉ ይሁን። እማማ ሰብሪያን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ሳልህንም ሰላም በይልኝ።

ደብዳቤሽን ትራም ላይ ቆሜ አነበብኩትና መውረጃዬን አልፌ የመስመሩ መጨረሻ ድረስ ሄድኩ። «በስኳር ነው የምናነቃት» ያልሽው ቃል ነው የያዘኝ። በማግስቱ ለፕሮፌሰሬ ተረጎምኩላት። አረጋዊት ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው ጉበት ስኳርን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ነው። ሰምታ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች። «እህትህ ሐኪም ናት?» አለችኝ። «አይደለችም፣ ልብስ ሰፊ ናት» አልኳት። «እንግዲያው ልጅቷን እስካሁን ያቆየቻት በዓይኗ ነው» አለች። ቃሏን እንዳለ ነው የጻፍኩልሽ።

ነገሩ እንዲህ ይመስለናል። ስንበላ ሰውነታችን የተረፈውን ስኳር እርስ በርሱ አያይዞ ጉበት ውስጥ ያከማቸዋል። ስንተኛ፣ ምግብ ሲቋረጥ፣ ያንን እየፈታ ለአንጎል ይመግባል። ዘሊካ ማከማቸቱን ትችላለች፤ ጉበቷ ያበጠውም ለዚህ ነው። መፍታቱ ላይ ነው ችግሩ። ጧት ላይ ጉበቷ በስኳር ተሞልቶ እሷ በረሃብ ትወድቃለች። የሚጥል በሽታ አይደለም፣ የማንም ዓይን አይደለም።

የዚህ በሽታ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። በአንዱ ዓይነት ከተከማቸው ምንም አይወጣም። በሌላው ጥቂት ይወጣና መሃል ላይ ይቆማል። የትኛው እንደሆነ የሚለይ መርፌ አለ፤ መርፌው ጉበትን «ስኳር አውጣ» ብሎ ያዝዘዋል። ሰሎሞን የሚባል ጓደኛዬ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገር ይገባልና የመርፌውን መድኃኒት ለዶክተር ፍሥሐ ከጻፍኩት ማብራሪያ ጋር ያደርስልሻል።

እስከዚያው እንዳትርባት አደራ። ልትተኛ ስትል አብሊያት፤ ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሰሽ ድገሚላት። እንቁላል ስጧት፣ ወተት ስጧት።

ቅዳሜ ከተማሪዎች የውይይት ስብሰባ ቀርቼ ቤተ መጻሕፍት ዋልኩ። ሂስ ይጠብቀኛል፤ ይሁን።

ወንድምሽ ነጅመዲን


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
የካቲት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

አላህ በጎውን ሁሉ ያቅርብልህ፤ ነጅሜ፣

ሰሎሞን መጥቶ ነበር። ዳገቱ አስለክልኮት በር ላይ ቁጭ አለ። ደህና ልጅ ነው፤ መድኃኒቱን በካልሲ ጠቅልሎ ሻንጣው መሃል ላይ ነው ያመጣው።

ዶክተር ፍሥሐ የላክህላቸውን ወረቀት ቆመው ማንበብ ጀመሩና ተቀምጠው ጨረሱት። «ይህን ጠርጥሬ ነበር፤ መለያው ግን እጄ ላይ አልነበረም» አሉና ቀጠሮ ሰጡን።

ምርመራው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በባዶ ሆድ፣ አንዴ በልታ። ልጄን በስንት ጭንቅ ሳበላ ከርሜ አሁን በገዛ እጄ ላስርባት! ሲስተር አሳየች የሚሏት ነርስ ናት የያዘችን። ረጋ ያለች ናት፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁና የእሷ ጸሎት እንደሆነ ገባኝ። እኔም የእኔን አልኩ።

ጧት ዘሊካን እያላባት መጣ። ደሟን ወሰዱ፣ መርፌውን ወጓት፣ ጠበቅን። ደግመው ደሟን ሲያዩ ስኳሯ ንቅንቅ አላለም። ራሷን ክንዴ ላይ ጣለች። «ሲስተር፣ ይበቃል!» ብዬ ጮኽኩ። ሲስተር አሳየች ጣፋጩን ብርጭቆ አስቀድማ በእጇ ይዛ ኖሮ ወዲያው አጠጣቻት። ከዚያ ዳቦና እንቁላል አበላናት። ቆይተው ያንኑ መርፌ ደገሙት። አሁን ስኳሯ ወጣ! ዶክተር ፍሥሐ ቁጥሩን አይተው፣ ሲስተርን ጠርተው፣ እንደገና አዩት።

«ስትበላ ይወጣል፣ ስትራብ አይወጣም» አሉ።

«ምን ማለት ነው ዶክተር?»

«በሽታው ስም አገኘ ማለት ነው። ከክፉዎቹ መካከል ደግሞ የዋሁ ነው።»

ቤት ስንገባ እማማ ሰብሪያ ምን አገኙ ብለው ጠየቁኝ። ከዘር የሚመጣ ነው መባሉን ስነግራቸው «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ይህን ለአንተ እንጂ ለማን እነግራለሁ?

አሁን ምን እናድርግ? ፍጠን።

ዘሙሩድ


ሃለ
መጋቢት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእታባ፣ ቤትሽን ሰላም ይሙላው፤

የምርመራውን ውጤት ለፕሮፌሰሬ ሳነብላት ጠረጴዛዋን በጥፊ መታች፤ ደስታዋ ነው። አሁን በደንብ ላስረዳሽ። ረዘመ ብለሽ አትዝለይው፣ መድኃኒቱ ያለው ከውስጡ ነው።

ጉበት ስኳሮቹን አንዱን ከአንዱ ጫፍ እያያያዘ ሰንሰለት ይሠራል። ሰንሰለቱ ግን እንደ መቁጠሪያ አንድ መስመር ሆኖ አይቀርም። ትንሽ ሲረዝም አንድ ሠራተኛ፣ ኤንዛይም የምንለው፣ ከጫፉ ቆረጥ አድርጎ ወስዶ ጎኑ ላይ ይተክለዋል። ቅርንጫፍ ሆነ። ቅርንጫፉ ይረዝማል፤ እሱም በተራው ቅርንጫፍ ያወጣል። እንዲህ እያለ በየአቅጣጫው ጫፍ ብቻ የሆነ ድቡልቡል ነገር ይሆናል። ለምን ይመስልሻል? ስኳር የሚለቀመው ከጫፍ ብቻ ነው። ጫፉ በበዛ ቁጥር በቸገረ ጊዜ ቶሎ ይደርሳል።

ሲፈታ ደግሞ አንድ ለቃሚ ከየጫፉ እየለቀመ ወደ ውስጥ ይመጣል። ቅርንጫፉ ከተተከለበት ቦታ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል፤ ከዚያ ማለፍ አይችልም። እዚህ ላይ ሌላ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ይህኛው የቀረችውን አጭር ጉቶ አንስቶ ወደ ጎረቤት ጫፍ ያዛውራታል፣ መጋጠሚያው ላይ የቀረችውንም አንዲት ስኳር ይቆርጣል። መንገዱ ተከፈተ፣ ለቃሚው ይቀጥላል።

ዘሊካ የሌላት ይህ ሁለተኛው ሠራተኛ ነው። ስትበላ ጫፎቹ ይረዝማሉ፤ ያን ጊዜ መርፌው ቢያዝዝ የሚለቀም አለ። ስትራብ ጫፎቹ ያልቃሉና ጉበቷ ውስጥ የሚቀረው ጉቶ ብቻ ነው።

እና መድኃኒቱ? በቆሎ ነው።

አትሳቂ። በቆሎም ስኳርን እንዲሁ በቅርንጫፍ እያያያዘ ነው ፍሬው ውስጥ የሚያስቀምጠው፤ ስታርች ይባላል። ነገር ግን አጥብቆ፣ ደራርቦ ነው የሚያሽገው። ጥሬውን ከተጠጣ አንጀት በአንድ ጊዜ ሊፈታው አይችልም፤ ቀስ እያለ ይልጠዋል፣ ስኳሩም ጠብ ጠብ እያለ እስከ ንጋት ይደርሳል። ከበሰለ ግን ውሃ ይገባበትና ያብጣል፣ ይላላል፣ ወዲያው አልቆ ቁጭ ይላል። ሐኪሞች ይህን ከጀመሩ ገና ጥቂት ጊዜ ነው፤ በርካታ ልጆች ድነውበታል።

በቆሎውን ዘፍዝፊ፣ በእርጥቡ አስፈጪው፣ በሻሽ አጥልይው። የወረደው ውሃ ይስከንና ከላይ ድፊው። ከሥር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ነው የምንፈልገው። በፀሐይ ይድረቅ እንጂ እሳት አይንካው። ዶክተር ፍሥሐ ልኩን ይነግሩሻል። ከመኝታ በፊት ጥሬውን፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ሙቅ ሻይ አይደለም፣ ስኳር አይጨመርበትም። ጥሬውን፣ በቀዝቃዛ ውሃ።

ስለ ዘርም ልንገርሽ። ሰው የዚህን ሠራተኛ አሠራር ከእናቱም ከአባቱም ይወርሳል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይበቃዋል። ስለዚህ አንቺም ሳልህም አንድ አንድ ብልሹ ይዛችሁ ምንም ሳትሆኑ ትኖራላችሁ። ዘሊካ ሁለቱንም ብልሹዎች ወረሰች። ከአንድ ወገን ብቻ ሊመጣ አይችልም። ይህን ለእማማ ሰብሪያ በለስላሳው አንብቢላቸው።

ደግሞ ስታድግ ጉበቷ እየቀለላት ይሄዳል፤ የብዙዎቹ እንዲያ ነው።

ሌላም የምጽፈው ነበር፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ነጅመዲን


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ግንቦት 11 ቀን 1978 ዓ.ም.

ነጅመዲን፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ረመዳን ገብቷል። ያልከውን ሁሉ አደረግን። በቆሎውን ከሾላ ገበያ ገዛሁ። እማማ ሰብሪያ ዝቃጩን ሲያዩ «ይሄማ እንደ ቡላ ነው! ይህን ከእናቴ ጓሮ ነው የተማርኩት» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እኔ ከማጠልለው የእሳቸው ይነጣል። ማታ ማታ የልጅቱን ብርጭቆ የሚያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው፤ እኔ ማፍጠሪያውን እሠራለሁ።

ግን በቆሎው አልሠራም። ትናንት ጧት እንደገና አንቀጠቀጣት። እንደ ድሮው፣ ከድሮውም የባሰ። ስኳሩን ስቀባት ጥርሷ ጣቴን ነከሰኝ። ለረጅም ጊዜ አልነቃችም። ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ «በጥሬ ዱቄት ልጅ ይድናል?» አለች።

ፕሮፌሰርህ ዘሊካን አይታት አታውቅም። ምናልባት የፈረንጅ ልጆች በቆሎ ሌላ ነው።

ሳልህ መኪናውን ሲያጥብ ዋለ።

እኔ ዘንድሮ አልጾምም። ምክንያቱን አትጠይቀኝ።

ዘሙሩድ


ሃለ
ግንቦት 26 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእታባ፤

ሰላምታውን በልብሽ ሙይው፤ ይህን ነገ ለሚበር ሰው ልሰጥ ነውና እቸኩላለሁ።

በቆሎው አንድ ነው፣ ልጆቹም አንድ ናቸው። ብርጭቆዋ አፏ እስኪደርስ በማን እጅ ታልፋለች? አጠገቧ ቁሚ። እሳት ነክቶት እንደሆነ፣ ሙቅ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ እይ። ማንንም ከመቆጣትሽ በፊት ብቻ እይ።

ሌላው። አትጠይቀኝ ያልሽውን አልጠይቅሽም፤ ግን ገብቶኛል። ባለፈው ደብዳቤ ያቆየሁት ነገር ይህ ነበር፣ አሁን ማቆየቱ ግፍ ይሆንብኛል። አንቺና ሳልህ የምትወልዱት ልጅ ሁሉ ሁለቱን ብልሹዎች የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሦስቱ እጅ ደህንነት ነው። በቀደሙት ልጆች ላይ የሆነው በሚመጣው ላይ አይቆጠርም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕጣው አዲስ ነው።

እታባ፣ ይህን በመጻፌ ከተቀየምሽኝ ተቀየሚኝ። ብቻ መልስ ጻፊልኝ።

ነጅመዲን


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ሐምሌ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለትልቁ አስተማሪዬ፤

ከዝናቡ በታች፣ ከአላህ ምሕረት በላይ ያልሆነ ሰላምታ ይድረስህ። ዘገየሁ። መጀመሪያ ተናድጄብህ ነበር፤ ቀጥሎ የምጽፈው በዛብኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን፣ ለመግሪብ ሶላት ሲቃረብ፣ ጓዳ ገባሁ። እማማ ሰብሪያ ላምባ ምድጃው ላይ ትንሿን ድስት ጥደው በማንኪያ ያማስላሉ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የልጄ ቡላ ነዋ።»

«ጥሬውን ነበር እኮ የተባለው!»

«ጥሬ? ቡላ ጥሬውን የሚጠጣ ማን አለ? ወንድምሽ ብቻውን ኖሮ ኖሮ ማብሰል ረስቷል። ሆዷን እንዳይቆርጣት ብዬ ነው። ቅቤም ጠብ አድርጌበታለሁ።»

እጄ ተነሳ፤ ድስቱን ልደፋው ነበር። ማንንም ከመቆጣትሽ በፊት ያልከው ትዝ አለኝ። ምድጃውን አጠፋሁና ቁጭ አድርጌያቸው ደብዳቤዎችህን አነበብኩላቸው፤ የበቆሎውንም፣ ከሁለታችንም ወገን ነው ያልከውንም። ማንኪያውን እንደያዙ ሰሙኝ።

«እንግዲህ የጣልኳት እኔ ነኝ» አሉ።

«አይደሉም እማማ። የጣላት ረሃብ ነው።»

«በፍቅር እያበሰልኩ…» ብለው ሳይጨርሱ ቀሩ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገሩ። «ሙሐመድንም ያኔ ስኳር አቅምሰነው ቢሆን ኖሮ።»

ልጁ ከተቀበረ ወዲህ ስሙ በዚህ ቤት ተጠርቶ አያውቅም ነበር። እኔ ለእሳቸው ስል፣ እሳቸው ለእኔ ሲሉ፣ ሳልህም ለሁለታችን ሲል። «ማን ያውቅ ነበር?» አልኳቸው። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ዘሊካ ገብታ «ማን ሞተ?» ብላ እስክትጠይቅ ድረስ።

የዚያን ዕለት በጥሬው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ጠጣች። «ጠመኔ ጠመኔ ይላል» ብላ ፊቷን አጨማደደች። ጎህ ሲቀድ ቀስቅሼ ላበላት ከአጠገቧ ተነሳሁ። ዓይኗ ክፍት ነበር! ጣራውን እያየች ተጋድማለች። «ራበኝ» አለችኝ። ነጅሜ፣ ይህ ቃል ከልጅ አፍ ሲወጣ የእናት አንጀት ይቆርጣል፤ እኔን ግን አሳቀኝ። እማማ ሰብሪያም ከአልጋቸው ሆነው «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም። አልሃምዱሊላህ። ብርጭቆዋን የሚያዘጋጁት አሁንም እማማ ሰብሪያ ናቸው፤ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ጣታቸውን ነክረው ሳያዩ አይሰጧትም። ያቺን ጎረቤታችንን ቧንቧ ቦኖ ላይ አግኝተው «በጥሬ ነው የሚድነው፣ ማብሰል ነው የሚጎዳው!» ብለው ገሠጿት አሉ።

አዎን፣ እርጉዝ ነኝ። ጥቅምት ላይ ይሆናል። ከአራት አንድ ያልከውን ብቻዬን ይዤው ከረምኩና ለሳልህ ነገርኩት። አሰበ፣ አሰበ፣ «ሦስቱ እጅ ደህና ነው ማለት አይደለም?» አለኝ። «ነው» አልኩት። «እኔ ከዚህ በባሰ ዕድል ነው በየቀኑ መገናኛን የምሻገረው» አለ። ሳልህ ሲቀልድ ስንት ዘመኑ!

ሲወለድ ምን እናድርግ? ማወቅ እፈልጋለሁ። ሳላውቅ ጧት ጧት መጠበቅ አልችልም።

ዘሙሩድ


ሃለ
ነሐሴ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእታባ፤ ደስታሽን አላህ ያጽናው።

ደብዳቤሽን ለፕሮፌሰሬ ስተረጉምላት ቅቤው ላይ ስንደርስ ሳቀች፣ ስኳር አቅምሰነው ቢሆን ኖሮ የሚለው ላይ ስንደርስ ወደ መስኮቱ ዞረች። ለእማማ ሰብሪያ ከልብ የሆነ ሰላምታ ልካለች።

አሁን ለሚመጣው። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚጠባ በመጀመሪያዎቹ ወራት በሽታው ሊደበቅ ይችላል። በደሙ ግን ያ ሠራተኛ መኖር አለመኖሩን እዚህ መለካት እንችላለን። ደሙ ሳይበላሽ መድረስ አለበት። ገመዳ የሚባል የክፍል ጓደኛዬ አባቱን ሊጠይቅ ኮተቤ መጥቷል፤ የሚመለሰው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ዶክተር ፍሥሐ ጥቂት ደም ይውሰዱ፤ ሲስተር አሳየች በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ታሽገው። ገመዳ ከእጁ አይለየው። ከአውሮፕላን ሲወርድ እኔ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

አትፍሪ አልልሽም። እኔም እፈራለሁ።

ነጅመዲን


ሃለ
ኅዳር 10 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእታባ፤ ለአራሷ፤

ማርያም ማርያም የማይሉበት ቤት ቢሆንም እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ ይላል ወንድምሽ። ቴሌግራሜ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርስሻል። ቢሆንም እንዴት እንደሆነ በእጄ ልጻፍልሽ።

ገመዳ ፔርሙዙን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው የወረደው። ቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ሄድን። ጉቶ ብቻ የቀረላቸውን ሰንሰለቶች በብልቃጥ አዘጋጅተን ነበር፤ የዘሊካ ጉበት ውስጥ እንዳሉት ያሉ። ከልጁ ደም ጠብ አደረግንበት። ሠራተኛው ካለ ጉቶውን ይቆርጣል፣ ስኳር ይለቀቃል፤ ከሌለ ምንም የለም። ብልቃጡን ገና እንደያዝኩ ፕሮፌሰሬ ተቀበለችኝ። «የቤተ ሰብህ ደም ነው፤ አንተ ቁጭ በል፣ እኔ ልሥራው» አለችኝ። ጥግ ላይ ተቀምጬ ጀርባዋን አየሁ።

በመጨረሻ ዞረችና «ይቆርጣል» አለች። አላመንኩም፤ ደግማ ሠራችው። ይቆርጣል።

ልጅሽ ደህና ነው፣ እታባ። ምናልባት እንደ አንቺ አንድ ብልሹ ይዞ ይሆናል፤ ያ ግን በሽታ አይደለም። ወጥቼ በረዶው ላይ ቆምኩ። ብርዱን ያወቅሁት ኮቴን እንዳልያዝኩ ገመዳ ሲነግረኝ ነው።

ነጅመዲን


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ኅዳር 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

በአላህ ስም። ለነጅሜ፤

እዚህ ያለነው ሁሉ፣ ከአልጋ የማትነሳው ጎረቤት ሳትቀር፣ እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን መርቀንሃል። አንድም ምርቃት መሬት እንዳይወድቅ።

ቴሌግራም ምን እንደሆነ ረስተኸዋል መሰለኝ። እዚህ ቴሌግራም የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው። መልእክት የሚያደርሰው ልጅ በር ላይ ቆሞ «ቴሌግራም» ሲል እማማ ሰብሪያ ሳይከፈት ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ሳልህ ምሳ ሊበላ ገብቶ ነበር። እጁን በሱሪው ጠረገና ቀደደው። አነበበው። መልሶ አነበበው። «ምን ይላል? ተናገር እንጂ!» አልኩት። ወረቀቱን ሰጠኝ። «ልጁ ደህና ነው» ይላል። እማማ ሰብሪያ መምታቱን እንዳላቆሙ እልልታውን ጀመሩ፤ እጃቸውና አፋቸው ተለያዩ።

ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ ሸምሱ ብለውታል። «አጎቱ በስሙ ኮከብ ከሆነ እሱ ፀሐይ ይሁና» አሉ።

ሳልህ «ተነሱ፣ ሆስፒታል ሄደን ለዶክተሩ እንንገራቸው» አለ። ሁላችንም ታክሲው ውስጥ ገባን። ዶክተር ፍሥሐ ቴሌግራሙን አይተው ሸምሱን ግንባሩን ሳሙት። ዘሊካንም ዳበሷት፤ ሆዷ እየጎደለ፣ ቁመቷ እየጨመረ ነው። «እያደገች ነው» አሉ። ሲስተር አሳየች ኮሪደሩ ላይ አግኝታን አቀፈችኝና «ስጸልይ ነበር» አለች በቀስታ፣ ግራ ቀኝ አይታ። «አውቃለሁ፣ ሲስተር» አልኳት።

ስንመለስ ሳልህ የቤታችንን መታጠፊያ አለፈው። ረስቶ መሰለኝ። «አለፍከው እኮ» አልኩት። «አውቃለሁ» አለ። ዳገቱን ቀጠለ። ቤንዚን በኩፖን መሆኑን ታውቃለህ፤ ያለ ተሳፋሪ አንድ ሜትር የማይነዳ ሰው ነው። «ወዴት ነው?» አሉት እናቱ። «እንጃ፣ ትንሽ ልንዳ» አለ። ባሕር ዛፉ ውስጥ እየተጠማዘዘ እንጦጦ ላይ አወጣን። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ከተማውን እያየ ቆመ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ልወርድ ስል እማማ ሰብሪያ ክንዴን ያዙኝ። «ተይው፣ ይውጣለት» አሉኝ። ዘሊካ የያዝኩላትን ዳቦና እንቁላል በላችና ወርዳ እጁን ያዘችው። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። ሲመለሱ ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ቁልቁል ስንወርድ ዘሊካ እኔና አያቷ መሃል ሆና እንቅልፍ ወሰዳት፣ በጠራራ ፀሐይ። አንገቷ ወደቀ፣ አፏ ተከፈተ። የእማማ ሰብሪያ እጅ እንደ ልማዱ ሊነቀንቃት ተነሳ። የእኔም ተነስቷል። ሳልህ በመስታወቱ አየን።

«ተዋት እማዬ» አለ። «በልታለች። ትተኛ።»

እጃችንን መለስን። እስከ ቤት ተኛች። ተሸክሞ አስገባት፣ አልነቃችም። ጫማዋን አወለቅሁላት፣ አልነቃችም። ይህን የምጽፍልህ ከአጠገቧ ሆኜ ነው። ሸምሱ ጡቴ ላይ ነው፣ እሷ ታንኮራፋለች፤ አንዳችንም ስሟን አልጠራንም።

እህትህ ዘሙሩድ